የተቆለለው ኮሌታ

ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ተራ ላይ ቆማችሁ «የኮሌታዋ አምሳለ» ብትሉ ከአሥር ሰው አምስቱ ቤቷን ያሳያችኋል። የቀሩት አምስቱ አንድ ቀን የጮኸችባቸው ናቸው፤ እነሱም ያውቋታል፣ ግን አይመሯችሁም።

አምሳለ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች፤ አሥራ አንዱን በካቦነት። ሠላሳ ሰፊዎች በተርታ ይቀመጣሉ። አንዷ ኮሌታ ሰፍታ ታቀብላለች፣ ቀጣይዋ ከሸሚዙ ጋር ትገጥማለች፣ ሌላዋ ቁልፍ ትተክላለች። አንዷ ከቆመች ኮሌታው ፊቷ ይቆለላል። አምሳለ ማንንም አትጠይቅም፤ ክምሩን አይታ የት እንደተበላሸ ትለያለች። አምርራ የምትጠላው ክምሩን ከሲንጀር የስፌት መኪናዋ ሥር የምትደብቅ ሰፊን ነው። «ብታሳይኝ በአምስት ደቂቃ እናስተካክለው ነበር!» እያለች ታንባርቃለች።

ይህችው ሴት ግን ራሷ አንድ ነገር ደብቃ ትኖራለች።

ባሏ መኩሪያ የሞተው በአርባ አንድ ዓመቱ ነው። አንገቱ ላይ ሎሚ የምታህል እብጠት ነበረችው። ሳይታሰብ ላብ ያጠምቀዋል፣ ፊቱ ይገረጣል፣ ልቡ ይደልቃል፤ ያን ጊዜ አጠገቡ የተገኘው ሁሉ ላይ ይጮሃል። አንድ ቀን እንዲሁ ሆኖ ወደቀና አልተነሳም። የነፋስ ስልክ ጎረቤት «ንዴቱ ገደለው» አለ፤ አምሳለም ዝም አለች። በሽታ ነው ቢባል ልጁ ለጋብቻ ሲደርስ «ዘራቸው ምን አለበት?» ተብሎ ይጠየቃላ! ንዴትን ግን ማንም በዘር በሽታ አይቆጥረውም።

ልጇ ኢያቄም ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ዛሬ ሃያ ሰባት ሆኖታል። ፉሪ ለምትኖረው ለማርቲ ሽማግሌ ተልኮለት፣ እሺ ተብሎ፣ ሠርጉም ለጥር ተቆርጧል። በዚህ መሃል አንገቱ ላይ ያችው ሎሚ ወጣች። አምሳለ ወዲያው ለየቻት፤ ስለ አባቱ ግን አልነገረችውም።

ከማርቲ ጋር ሦስቱም ሆስፒታል ሄዱ። ሃምዛ የሚባለው ወጣት ሐኪም እብጠቷን ዳሰሰና ወደ አምሳለ ዞረ።

«እናቴ፣ በቤተሰብዎ እንዲህ ያለ እብጠት የነበረው ሰው አለ?»

ማርቲ ከጎኗ ተቀምጣለች።

«እኛ ዘር? ኧረ ምንም የለ!»

ሐኪሙ ጻፈ፤ ለሚመጣው ሐሙስም የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ሰጠ። ነገሩ በዚሁ ባለቀ ነበር። ማርቲ ግን ጠይቃ የማትጠግብ ልጅ ናት።

«ዶክተር፣ ስለ ዘር ለምን ጠየቅክ?»

«ሰውነታችን ምግብን ወደ ኃይል የሚለውጠው ቅብብል በሆነ ሥራ ነው» አለ ሃምዛ። «መሃል ላይ ሰክሲኔት የሚባል ነገር አለ። ሁላችንም ውስጥ አለ፤ ክፉ አይደለም። አየር ሲያጥረን ይጠራቀምና ለሴሎቻችን ‹አየር እያለቀ ነው፣ ተዘጋጁ› የሚል መልእክት ይሆናል። በአንዳንድ ቤተሰብ ግን እሱን ተቀብሎ የሚያሳልፈው ክፍል ከአባት በሚወረስ ጉድለት ሥራ ያቆማል። ያኔ አየሩ ሞልቶ እያለ ሰክሲኔቱ ይቆለላል። ሴሉም ክምሩን አይቶ አየር ያለቀ ይመስለዋል፤ ያለ ልክ ይባዛል፣ እብጠት ይሆናል። አንዳንዱ እብጠት ደግሞ ስንደነግጥ የሚወጣውን ሆርሞን ይረጫል፤ ሰውዬውን በድንገት ያልበዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ያለ ምክንያት ይቆጣል። ሳናውቅ በቀዶ ሕክምና ከነካነው የደም ግፊቱ አሻቅቦ እዚያው ሊገድል ይችላል። ቀድመን ካወቅን ግን መድኃኒት ሰጥተን፣ አዘጋጅተን እናወጣዋለን። ደግነቱ እናንተ ዘር ውስጥ የለም።»

አምሳለ ሰክሲኔት የሚለውን ስም ወዲያው ረሳችው። ክምሩን ግን አየችው። ከሲንጀር ሥር ተገፍቶ የተደበቀ ሃያ ዓመት የሞላው ክምር፤ የገፋችውም ራሷ ናት። አፈረች። ከማፈሯ በላይ ደግሞ ፈራች፤ ለሐሙስ ሦስት ቀን ብቻ ነበር የቀረው።

ማርቲና ኢያቄም ተነስተው በሩ ጋ ደርሰዋል።

«ዶክተር፣ አንዴ ይቆዩኝማ» አለች አምሳለ። «ዋሽቼዎታለሁ። አባቱ ነበረው። እዚሁ ቦታ ላይ። ላብ ያጠምቀው ነበር፣ ይገረጣል፣ ልቡ ይመታል። በዚያው ሞተ።» ማርቲን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። «ለሠርጉ ብዬ ነው።»

ሃምዛ ቀጠሮውን ሰረዘና ወደ ኢያቄም ዞረ። «አንተስ? ላብ፣ የልብ ምት?»

ኢያቄም አቀረቀረ። «አለ። የአባቴን ንዴት የወረስኩ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።»

አዲሱን የምርመራ ወረቀት የተቀበለችው ማርቲ ነበረች። አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ለአባዬ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ» አለች። ድምፅዋ ቅሬታ ነበረበት። የአምሳለን ክንድ ግን ይዛ አስነሳቻት።

ከሆስፒታሉ በር እንደወጡ ኢያቄም ቆመ።

«እማዬ፣ አባዬ ቁጡ አልነበረም ማለት ነው?»

አምሳለን አባቱ ሲጮህ አልጋ ሥር ይገባ የነበረው ሕፃን ኢያቄም ትዝ አላት። በቀብሩ ዕለትም አልሄድም ብሎ እዚያው ነበር የተደበቀው፤ ከዚያ ወዲህም የአባቱን ስም አንስቶ አያውቅም።

«አልነበረም ልጄ። አሞት ነበር።»

ታክሲው መጥቶ ረዳቱ «ጋርመንት! ጋርመንት!» እያለ ይጣራል። ኢያቄም አልገባም።

«የት እንደተቀበረ አሳይኝ» አላት።