ድኝና ብረት

የያዙኝ ሰባተኛ ክፍል እያስተማርኩ ነው። ወረቀት ላይ የብረት ብናኝና ቢጫ የድኝ ዱቄት ደባልቄ ማግኔት ላስጠጋ ስል ሁለት ሲቪል የለበሱ ሰዎች ገቡ። ወረቀቱን ጠቅልለው፣ እኔንም ይዘው ወጡ። ያን ሰሞን አሶሳ ላይ ሰው ለማሰር ምክንያት አያስፈልግም ነበር፤ እነሱ ግን ምክንያት በማግኘታቸው ደስ ብሏቸዋል።

ያሰሩኝ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ቆርቆሮው ቀን ቀን ይነድዳል፤ ግድግዳው የማሽላ ትቢያ ይሸታል። አብረውኝ የነበሩት ኩርሙክ አካባቢ ወርቅ ሲያጥቡ የኖሩ አንድ የበርታ አዛውንት ብቻ ናቸው። ለምን እንደታሰርኩ ሲጠይቁኝ ትምህርቱን ነገርኳቸው። ብረትና ድኝ ቢደባለቁም ማግኔት ይለያቸዋል፤ በእሳት ከተዋሃዱ ግን ሌላ ነገር ይሆናሉ፣ ማግኔትም አይለያቸውም።

«ወርቅ ከአሸዋ ጋር ነው» አሉ። «ውሃ አሸዋ ይወስዳል፣ ወርቅ ይቀራል። ያ ድብልቅ ነው?»

ነው አልኳቸው። ወርቁ ራሱስ ሲሉኝ ንጥረ ነገር ነው፣ ቢያቀልጡትም ያው ወርቅ ነው አልኩ።

«ወላሂ፣ ይሄማ እኔ ያውቃል።»

ስሙን ብቻ ነበር የማያውቁት።

መርማሪው ግን ዲግሪ ነበረው፤ በየንግግሩ መሃል ያነሳዋል። የያዙት ወረቀት ላይ ያለው ድብልቅ እንጂ ውህድ እንዳልሆነ ሦስት ጊዜ አስረዳሁት። በሦስተኛው ቀን የተተየበ ቃል አምጥቶ ፈርም አለኝ። «የብረትና ድኝ ውህድ ለፈንጂ አዘጋጅቻለሁ» ይላል። ድኙን የሰጠችኝ የቤተ ሙከራችን ሠራተኛም ዓላማውን ታውቅ ነበር ይላል። እሷ ያደረገችው ድኙን በማንኪያ ሰፍራ መስጠት ብቻ ነው። ብፈርም ያኔውኑ ያመጧት ነበር።

እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። «ውህድ» የሚለውን ሰርዤ «ድብልቅ» ብዬ ጻፍኩ። እሷ የተነሳችበትን ዓረፍተ ነገር ከነጭራሹ ሰረዝኩት። ከላይ ጥግ ላይ ከአሥር ሁለት ሰጠሁትና ሳልፈርም መለስኩለት።

ወረቀቱን ብዙ አየው።

«ሁለት ብቻ?» አለኝ።

ከልቡ ነበር የጠየቀኝ። የገባው ቆይቶ ነው፤ ያኔ በጥፊ መታኝ። ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ያን ወረቀት ግን ዳግመኛ አላመጣውም፤ እሷንም የጠራት የለም። ከሳምንታት በኋላ ያለ ክስ፣ ያለ ይቅርታም ለቀቁኝ።

ዛሬ መርማሪው እድገት አግኝቷል። መንገድ ላይ ሲያየኝ «መምህር፣ አለህ?» ይለኛል፣ አብሮ አደግ ይመስል። ይቅር ብለኸዋል ወይ የሚሉኝ አሉ። ይቅር የሚባለው እኮ ጥፋቱን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ይህ ሰው እስከ ዛሬ የሚቆጨው ማርኩ ሳይሆን አይቀርም። ሰላምታውን እመልሳለሁ። ቆሜ ግን አላወራውም።