ከአሬሮ የሚመጣው ምት

ነገሌ ጦር ሰፈር የሬዲዮ ሠራተኛ ሳለሁ፣ አሬሮ ያለው የሙያ ባልደረባዬ እህቴን አግብቶ ነበር። እሱ የሞርሱን ቁልፍ ይመታል፤ እሷ ለሬዲዮው ኃይል የሚሰጠውን የእጅ ዲናሞ ታዞርለታለች። ጠዋት ጠዋት ከሥራው መልእክት በኋላ "ሁለታችንም ደህና ነን" ይለኛል፤ እኔም ለእናቴ አደርሳለሁ።

ከአሬሮ የሚመጣው ምት መቼም ተስተካክሎ አያውቅም። አለቃዬ "ይሄ ሰውዬ ጠጥቶ ነው እንዴ የሚመታው?" ይል ነበር። እኔ ግን መንገዳገዱን እንደ ምስር እለቅመዋለሁ። ያለ ሥርዓት የሚቆራርጠው የአየሩ ነው። እየመጣ የሚሄደው የእህቴ ክንድ ነው፤ ስትዝል ድምፁ ይወፍራል፣ ስትበረታ ይቀጥናል። ቃል መጨረሻ ላይ የሚንቀራፈፈው ደግሞ የባልየው ጣት ነው፤ ድሮም ሰነፍ ነው። ሦስቱም በየራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም።

አንድ ጠዋት ግን አንዱ ሌላውን ጠበቀ። ጣቱ በተንቀራፈፈ ቁጥር ድምፁም አብሮ ይወፍራል፤ ጣቱ ሲፈጥን ይቀጥናል። የሁለት ሰው ስህተት እንዲህ አይገጥምም። አንድ ሰው ብቻውን ነው፤ በአንድ እጁ እያዞረ በሌላው ይመታል። መልእክቱ ግን "ሁለታችንም ደህና ነን" አለ።

"እህቴ የታለች?" ብዬ መታሁ።

"እያዞረች ነው" አለኝ። ይህንንም ሲመታ ድምፁ ወፈረ።

በማግስቱም ያው ሆነ። አለቃዬን ፈቃድ ስጠይቀው ሳቀብኝ።

"ደህና ነን እያሉህ ምን ሆነሃል?"

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ጌታዬ።"

ሲሰለቸው ለቀቀኝ፤ በስንቅ መኪና ሄድኩ። ፈርቼ ነበር። ተሳስቼ ተገኝቼ አገር ምድሩ በሳቀብኝ እያልኩ ነው መንገዱን የጨረስኩት።

አሬሮ ደርሼ ደጃፋቸው ላይ የቆመችውን ጎረቤት በኦሮምኛ "አካም" ብዬ ሰላም ስላት "ናጋ" አለችኝና ዓይኗን ሰበረች። ከዚያ ከሰፈሩ ዳር ያለውን አዲስ የድንጋይ ክምር በአገጯ አሳየችኝ። "ወባ ናት" አለች።

ስገባ ባልየው በግራ እጁ እያዞረ፣ በቀኙ እየመታ ነው። ኮሌታውን ጨምድጄ ያዝኩት።

"ለምን ዋሸኸን?"

"ሁለታችንም ብዬ ስመታ ያለች ይመስለኛል" አለኝ። "ልናገር እልና እጄ እምቢ ይለኛል።"

በጥፊ ላጮለው ነበር፤ አቃተኝ። እናቴ ነገሌ ላይ እኔን ከተካው ሠራተኛ የጠዋቱን ወሬ እየጠበቀች ነው። እህቴ ትቀመጥበት የነበረው ዱካ ላይ ተቀመጥኩና እጀታውን ያዝኩ።

"እኔ አዞርልሃለሁ፤ አንተ ለእናቴ ንገራት" አልኩት።

እያለቀሰ ጀመረ። "ሞተች" የሚለው ቃል እስኪያልፍ ድረስ ሳላቋርጥ አዞርኩለት።