ነስሩ እህል ቅመሺ ብሎሻል

ይህ የሆነው በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ሰበብ መንገድ ሲዘጋ፣ ጎማ ሲቃጠል በነበረበት ዘመን ነው። ቤቴ ቡራዩ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ያንን ቀን ግን፣ በተለይ ባለቤቴ ጫልቱ ካረፈች በኋላ፣ ባስታወስኩት ቁጥር ብቻዬን ፈገግ እላለሁ።

መቅደስ የምትባል ልጅ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። አዲስ አበባ አንድ ድርጅት በሒሳብ ሥራ ተቀጥራ፣ የሙከራ ጊዜዋን ገና አልጨረሰችም። ታክሲ ሲጠፋ ሥራውን ቤት ይዛ ቀረች። አለቃዋ ግን «ነገ ጠዋት ሪፖርቱን ይዘሽ ካልመጣሽ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» አላት። ታናናሾቿን የምታስተምረው እሷ ናት።

ከሰዓት በኋላ ስታለቅስ ሰማናት። ጫልቱ ሰው የሞተባት መስሏት ሮጣ ገባች።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ፒቮት ቴብሉ እምቢ አለኝ፣ እማማ!»

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። በኋላ እንዳስረዳችኝ፣ ፒቮት ቴብል ማለት ኮምፒውተር ላይ ኤክሴል በሚሉት ውስጥ የተዘበራረቀውን ሁሉ በየወገኑ ሰብስቦ የሚደምር ሰንጠረዥ ነው። እሷ ባዘዘችው ቁጥር «የአምዱ ስም ልክ አይደለም» እያለ ይመልሳታል። ኢንተርኔት ተቋርጧል። የሚያውቅላት ሰው አብሯት የተማረው ነስሩ ነው። እሱም ሰበታ፣ የቤተሰቡ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ ይሠራል፤ በእሱም በኩል መንገድ ተዘግቷል።

በዚያ ላይ በእኛ ግቢ ስልክ የሚሠራው ጓሮ ካለው ድንጋይ ላይ ሲቆሙ ብቻ ነበር። የመቅደስ ኮምፒውተር ደግሞ ባትሪው ስለሞተ ከሶኬት ሲነቀል ይጠፋል። እሷ የሰማችውን ይዛ ወደ ክፍሏ ስትሮጥ መስመሩ ይቋረጣል፤ መልሶ ማግኘት ደግሞ ዕድል ነው። በመጨረሻ እኔ ስልኩን ይዤ ድንጋዩ ላይ ወጣሁ። ጫልቱ በሩ ላይ ቆመች፣ ልጅቷ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠች።

«አባባ፣ አናቱ ላይ ስም የሌለው አምድ አለ ወይ በሏት» አለኝ ነስሩ።

«ስም የሌለው አምድ አለ ወይ ይላል!» ብዬ ጮህኩ።

«ስም የሌለው አምድ አለሽ ወይ ይልሻል!» አለች ጫልቱ ወደ ውስጥ።

«ሁሉም ስም አለው!»

«ቆይ ላስብ» አለ ነስሩ። በዚህ መሃል ጫልቱ ወደ ውስጥ ዞር ብላ፣ «ነስሩ እህል ቅመሺ ብሎሻል!» ስትል ሰማሁ።

«ኧረ እሱ እንዲህ አላለም!» አልኳት ደንግጬ።

«ዝም በል አንተ! ከጠዋት ጀምሮ አልቀመሰችም። እኔ ስለምናት እምቢ አለች።»

ሰሃን ይዛ ገባች። ልጅቷም ነስሩ ካለ ብላ በላች። ጫልቱ ባዶውን ሰሃን ከበሩ ላይ ከፍ አድርጋ አሳየችኝ።

ነስሩ ከአምዶቹ አናት ላይ ያሉት የእንግሊዝኛ ፊደሎች በተራ እንዲጠሩለት ጠየቀ። መቅደስ ጠራች፣ ጫልቱ ተቀበለች፣ እኔም ስልኩ ላይ «ኤ! ቢ! ሲ!» እያልኩ ቀጠልኩ። ከአጥር ውጭ መንገድ የዘጉት ወጣቶች ሰምተውኝ ኖሯል።

«ኦቦ ቱሉ! ትምህርት ዛሬ ጀመሩ እንዴ?» አለ አንዱ።

«ዘገየሁ እንጂ አልቀረሁም!» አልኩት። ሁሉም ሳቁ፤ ያን ሰሞን በሰፈራችን ሳቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

«ዲ! ኢ! ኤፍ! ኤች!»

«ቆይ፣ ቆይ፣ አባባ። ጂ የት ሄደ?»

«ጂ የት ሄደ ይላል!»

«ጂ የት ሄደ ይልሻል!» አለች ጫልቱ። ከዚያ መቅደስ እልል አለች። ፋይሉን የላከላት ሰው አንዱን አምድ ደብቆት ኖሯል፤ እንደ ተደበቀ ስም ሳይሰጠው ቀርቷል። ከተደበቀበት አወጣችው፤ «ማስታወሻ» የሚል ስም ሰጠችው። ሰንጠረዡ እሺ አለ።

በማግስቱ ጫልቱ ሪፖርቱ ያለበትን ፍላሽ በሻሽ ጫፍ ቋጥራ ሰጠቻት። ልጅቷ ታክሲ እስከሚገኝበት እስከ አስኮ በእግሯ ሄደች። ሪፖርቱ ደረሰ፤ እንጀራዋም ሳይቋረጥ ቀረ።

የእህሉን ነገር ጫልቱ ራሷ ለነስሩ ነግራው ኖሮ፣ ከዚያ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር እየደወለ «እማማ፣ ዛሬስ ምን ብያለሁ?» ይላት ነበር። ሁለቱ እስኪበቃቸው ይስቃሉ። ከእሱ ጋር እንገናኝ እያልን ግን ሳንተያይ ዓመታት አለፉ።

አምና ጫልቱ አረፈች። ለቅሶ ላይ እህል አልወርድልህ አለኝ። ጎረቤት ለመነኝ፤ ከለገጣፎ ባሏን ይዛ የመጣችው መቅደስም ለመነችኝ፤ አልሆነም። አንድ የማላውቀው ጎልማሳ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሰሃኑን አንስቶ ወደ እኔ አስጠጋው።

«አባባ፣ እህል ቅመሱ ብያለሁ።»

ፊቱ እንግዳ ነው፤ በስልክ የለመድኩትን ድምፁን ግን ወዲያው አወቅሁት።

«አሁንስ እውነትም እኔ ነኝ ያልኩት» አለኝ። በላሁ። እያለቀስኩ በላሁ።

ዛሬ ስልክ በየክፍሉ ይሠራል፤ ድንጋዩን የሚፈልገው የለም። እኔ ግን አመሻሽ ላይ እሱ ላይ ቁጭ ብዬ ወደ በሩ አያለሁ። ጫልቱ ባዶውን ሰሃን ከፍ አድርጋ የምታሳየኝ ይመስለኛል።