መቶ አስር ወይስ ሁለት መቶ ሃያ

ጸጉር አስተካካዩን የሰፈሩ ሰው «ቀስ በል» ይለዋል፤ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ባነቃነቀ ቁጥር «ቀስ በል!» ስለሚል የወጣለት ስም ነው። ምላጭ የያዘ ሰው ሌላ ምን ይበል? ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሱቁን ዘግቶ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ጊታር ይጫወታል። ጸጉሩ እስኪሸብት ድረስ የራሱ አምፕሊፋየር ኖሮት አያውቅም። በተውሶ ሲጫወት ደግሞ ባለዕቃው መሄጃው ከደረሰ ዘፈን መሀልም ቢሆን ገመዱን ይነቅልበታል።

ባሕር ማዶ ያለችው ታላቅ እህቱ ይህን ስትሰማ ከአንድ ሙዚቀኛ ጎረቤቷ ገዝታ ላከችለት። ወገብ የሚቆርጥ ዕቃ ነው። ቀስ በል ካርቶኑን ከፍቶ መጀመሪያ ያየው ጀርባውን ነው። እህቱ አገር ኮረንቲው መቶ አስር ቮልት ነው፣ እዚህ ሁለት መቶ ሃያ፤ እንዲሁ ቢሰካው እንደሚቃጠል ያውቃል። ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ቀይ መቀየሪያ በካቻቢቴ ጫፍ ገፍቶ ሁለት መቶ ሃያ ላይ አደረጋት። ፊውዙንም አጠገቡ በተጻፈው መሠረት ቀየረው። ከዚያ «ለምሳ ስመጣ እሰካዋለሁ» ብሎ ወደ ሱቁ ሄደ።

እሱ ከመውጣቱ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ብቅ አለ። ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ልቡ ደግ፣ እጁ ፈጣን። ካርቶኑ ላይ «መቶ አስር ቮልት» የሚለውን ሲያነብ ደነገጠ።

«ጋሼ ሊያቃጥሉት ነው!»

ከሥራ ቦታው ሁለት መቶ ሃያውን ወደ መቶ አስር የሚቀንስ ከባድ የብረት ሳጥን አምጥቶ ሶፋው ጀርባ ያለው ሶኬት ላይ ሰካው። የአምፕሊፋየሩን ገመድ ደግሞ ሳጥኑ ላይ ሰክቶ ሄደ።

ቀስ በል ለምሳ ሲመለስ ሚስቱ «ወንድሜ ሰክቶልሃል» አለችው። ስለ ሳጥኑ ማንሳት ትዝም አላላት። እጁን እንኳ ሳይታጠብ አበራው። የአምፕሊፋየሩ መብራት ጭል ጭል አለች። ጊታሩን ቢመታው፣ ድምፁ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚያጉረመርም ሰው ይመስላል። ገመድ ቀየረ፣ ክር ቀየረ፣ ቁልፎቹን ሁሉ እስከ ጥግ አዞረ። ወይ ፍንክች!

ደሙ ፈልቶ ስልኩን አነሳ።

«እትዬ፣ ሳትሞክሪው ነው እንዴ የላክሽው?»

«ምን ማለትህ ነው? እዚህ ሲነካ መስኮቱ ይንቀጠቀጥ ነበር!»

«እንግዲያው ጎረቤትሽ ሸውዶሻል። ለእኔ ሲሆን ውዳቂም ይበቃል፣ አይደል?»

ስልኩ ጆሮው ላይ ተዘጋ።

ቅዳሜ እንደገና በተውሶ ተጫወተ፤ እንደገናም ተነቀለበት። እሑድ ጠዋት ዕቃውን ከፊቱ ሊያርቀው ሶፋውን ሲጎትት ሳጥኑን አየ። አማቹን አስጠራው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መቀነሻ ነዋ፣ ጋሼ። ካርቶኑ ላይ መቶ አስር ይላል።»

«እኔ እኮ ሁለት መቶ ሃያ ላይ አድርጌዋለሁ! በግማሽ ኮረንቲ ነዋ ሲያቃስት የከረመው!»

«ታዲያ ምነው አልነገሩኝም?»

«አንተስ?»

ቀስ በል እየተነጫነጨ ሳጥኑን ሊነቅል ሶፋው ጀርባ ጎንበስ አለ። አማቹ ደግሞ ሳጥኑ እዚያው የሚቀር መስሎት፣ ጥፋቱን ቶሎ ላርም ብሎ ቀይዋን መቀየሪያ ወደ መቶ አስር መለሳት። ቀስ በል ገመዱን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካና አበራ።

ጧ!

መብራቷ ድርግም አለች። አማቹ ካቻቢቴውን ቀስ አድርጎ ከኋላው ደበቀ።

ቀስ በል ዕቃውን አዙሮ መቀየሪያዋን ሲያይ «ሁለታችሁም ውጡልኝ!» ብሎ ጮኸ። በር ላይ ቆማ ስታይ የነበረችው ሚስቱ ሳቋን አፍና ወንድሟን እየጎተተች ወጣች።

ደግነቱ የተቃጠለው ፊውዙ ብቻ ነበር። እሑድ ስለሆነ ግን ክፍት ሱቅ ፍለጋ ከተማውን ሲዞር ዋለ። የሻጮቹ ሁሉ መልስ «የለም» ነበር። በመጨረሻ አንዱ ጋ አግኝቶ ሲመለስ ጫማው አቧራ ለብሷል፣ ፊቱ እንደተኮሳተረ ነው። መቀየሪያዋን መልሶ ገፋት፤ ደጋግሞ አያት፤ ሰካ። አንድ ክር ሲነካ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ።

ደስ ሊለው ሲል እህቱ ትዝ አለችው። ደወለ፣ አላነሳችም። ደጋግሞ ሲደውል አነሳች። ስልኩን አምፕሊፋየሩ ፊት አስቀምጦ ተጫወተላት።

«ሰማሽ፣ እትዬ?»

«ሰማሁ። ግን ይቅርታህን በጊታር አይደለም፣ በአፍህ ነው የምፈልገው።»

«ይቅር በይኝ፣ እትዬ።»

«የእኔስ ይቅርታ?» አለ አማቹ ከበሩ ውጭ ሆኖ።

ቀስ በል ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቶ ጊታሩን መታ።