አጃ የበጠበጥኩበት ሳፋ

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ፣ ወገኖቼ። ያደረገልኝን ይዤ ዝም ልበል ብል ልቤ እንቢ አለኝ፤ ስለዚህ ዛሬ ፊታችሁ ቆምኩ።

ሰላም ስላችሁ አንጓዬን እንጂ መዳፌን እንደማልሰጣችሁ ታስታውሳላችሁ። እጁ እርጥብ ነው ብላችሁ ይሆናል። አልነበረም። እጄን እስከ ክርኔ ያሳክከኝ ነበር፤ እከክ መስሎኝ እንዳላስተላልፍባችሁ ፈራሁ። በኋላ ጭራሽ መምጣቱን ተውኩ። ግጥም መጻፍ እንደምወድ ታውቃላችሁ፤ እሱንም የምጽፈው ከእግዚአብሔር ጋር ለመጣላት ብቻ ሆነ።

አባቴ በግ አርቢ ናቸው። የበግ እከክ መድኃኒት አምጥተው፣ «ሙክቱን ያዳነ አንተን ሊያቅተው ነው?» አሉኝ። ቀባሁት። ወገኖቼ፣ ቆዳዬ ተላጠ!

መሐል ሜዳ ከተማ ሄጄ ሐኪም ፊት ቀረብኩ። እጄን በባዶ እጇ ያዘችው።

«አይንኩኝ ዶክተር፣ ይተላለፋል!»

«ችፌ ነው፤ አይተላለፍም። ምን ቀብተህበት ነው እንዲህ የተላጠው?»

«አባቴ የበግ መድኃኒት ሰጥተውኝ።»

«በል፣ በግ አይደለሁም በላቸው» ብላ ሳቀች።

ቅባት አዘዘችልኝና፣ «ማሳከኩን እንዲያስታግስልህ አጃ አልመህ ፍጭ። ለብ ባለ ውሃ በጥብጠህ እጅህን ንከር። አትፈትገው። በስሱ አድርቀህ ወዲያው ቅባቱን ተቀባ» አለችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፋኝ። ጾሜ ጸልዬ የጠበቅኩት እሳት ከሰማይ ነበር፤ የተሰጠኝ አጃ! እናቴም፣ «አጥሚቱን ልትጠጣው ነው ልትለብሰው?» ብላ ቀለደችብኝ። ግን ዱቄቱን በሻሽ ነፍታ አቀረበችልኝ።

ውሃው እንደ ወተት ነጣ። ክንዴን ነከርኩ። ሕፃን የተኛበትን ቤት በር ቀስ አድርጎ እንደሚዘጋ ሰው፣ ማሳከኩ ጸጥ አለ። ክብር ለስሙ ይሁን! እዚያው ሳፋው ላይ እንዳጎነበስኩ አለቀስኩ። ዝም ብሎኛል እያልኩ የተጣላሁት አምላክ፣ ለካ መድኃኒቴን በማሳችን ጥግ በየዓመቱ ሲያበቅልልኝ ኖሯል። «ጌታ ሆይ፣ ጠቤ በቃኝ፤ ያንተ ነኝ» አልኩት።

ጨርሶ ለቆኛል ብዬ አልዋሻችሁም። ብርዱ ሲጸና፣ የሱፍ ባና ስለብስ፣ ይነሳብኛል። ያን ጊዜ አጃዬን እበጠብጣለሁ፣ ቅባቴን እቀባለሁ፣ አመሰግናለሁ። ጌታ ይባረክ! ከመካከላችሁ ሕመሙን የደበቀ ካለ፣ በጌታ ይታመን፤ ሐኪም ዘንድም ይሂድ። የበጉን መድኃኒት ግን ለበጉ ተዉለት፣ አደራ!

ስንወጣ በሩ ላይ እቆማለሁ። ዛሬ የምዘረጋላችሁ መዳፌን ነው። ሸካራ ነው፤ ጨብጡልኝ።