በዘይት ማስታወቂያ ላይ የቆምኩበት ጊዜ

ቤሩት፣ ዛልቃ ሰፈር ከነበረው የመጀመሪያ የሥራ ቤቴ ጠፍቼ ከወጣሁ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። ፓስፖርቴ እዚያው በአሠሪዬ በማዳሜ መሳቢያ ውስጥ ቀርቷል። ናባዓ የሚባል ሰፈር ከአንዲት የደሴ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን፣ በየቀኑ የተለያየ ቤት እያጸዳሁ እኖር ነበር። መንገድ ላይ ፖሊስ ካየሁ ዓይኔ የሚፈልገው የምሸሽበትን ቅያስ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ የምሠራው ራስ ቤሩት፣ አንድ የማስታወቂያ ፎቶ አንሺ ቤት ነበር። ስቱዲዮውም እዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ነው። አንድ ሐሙስ ሚስቱ ተቻኩላ መጣችና፣ ለፎቶ የተቀጠረችው ልጅ ስለቀረች የቤት ሠራተኛ ነጭ ሽርጥ አድርጌ እንድቆምላቸው ለመነችኝ። እምቢ የምልበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ከተናገርኩ ደግሞ ወረቀት እንደሌለኝ ያውቃሉ። ኸላስ፣ አለቀ ብዬ ወረድኩ።

ጠረጴዛው ዙሪያ እናት፣ አባትና ሁለት ልጆች ተቀምጠዋል፤ እርስ በርስ የተዋወቁት ግን በዚያው ጠዋት ነው። ዶሮው ጥሬ ነበር፤ ቆዳውን ለብለብ አድርገው ወፍራም ሻይ ቀብተውታል። ሩዙ ቀዝቅዟል፤ እንፋሎት እንዲመስል አንድ ሠራተኛ ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ የሲጋራ ጭስ ይነፋል። የዘይቱ ጠርሙስ ከጀርባው መብራት ተደርጎለት እንደ ማር ያበራል። እኔ ትሪ ይዤ ከኋላ ቆምኩ። ፎቶ አንሺው ሦስት ጊዜ ፈገግ በይ አለኝ። ፊቴ እንዳይወጣ ስለፈለግሁ፣ ዘይት የሚገዛ ሰው እኔን ምን ያደርገኛል ብዬ ጠየቅሁት።

“አንቺን ማንም ልብ ብሎ አያይሽም” አለኝ፣ ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሳ። “ግን አንቺ ከሌለሽ ይሄ ተራ ቤት ነው። ስትቆሚበት የሀብታም ቤት ይሆናል። ሰው የሚገዛው ያንን ነው።”

ማንም አያይሽም ማለቱ ለጊዜው አጽናናኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የደሴዋ ልጅ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ “ዛልቃ አውራ ጎዳናው ላይ በማስታወቂያ ሰሌዳ ሰቅለውሻል፤ ፎቅ ታክያለሽ” አለችኝ። ማዳሜ በየቀኑ የምትነዳበት መንገድ ነው። ሦስት ቀን ከክፍሌ አልወጣሁም። ደረጃው ላይ የሚሰማው ኮቴ ሁሉ የእሷና የፖሊስ ይመስለኝ ነበር። ጓደኛዬ አትታወቂም እያለች ልታረጋጋኝ ሞከረች፤ እሷ ራሷ ግን ከሚሮጥ አውቶቡስ ላይ ሆና ለይታኛለች።

በአራተኛው ቀን ፊቴን በሻርፕ ሸፍኜ በአውቶቡስ ላየው ሄድኩ። መንገዱ ተጨናንቆ አውቶቡሱ ልክ ከሰሌዳው ሥር ቆመ። ቤተሰቡ ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ያን ጠዋት እንዴት እንደፈራሁ የሚናገር አንድም ነገር የለበትም። የገረመኝ፣ ዶሮው ጥሬ መሆኑን እያወቅሁ ምራቄ አፌን መሙላቱ ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ለልጇ፣ ዛሬ ምሳ ዶሮ እንሠራለን አለቻት።

ከእኔ በኋላ ማዳሜ ካስመጣቻት ልጅ ጋር ቤተ ክርስቲያን ተዋውቀን ነበር። እሑድ ሳገኛት፣ ማዳም ስለ ሰሌዳው ያለችው ነገር እንዳለ ጠየቅኋት።

“መኪናውን አቀዝቅዛ አሳየችኝ” አለችኝ። “እያት፣ እንዴት ደስ ብሏት እንደምትሠራ፤ አንቺ ለምን እንደሷ አትስቂም? አለችኝ። ዘይቱንም ገዝታለች።”

ሦስት ዓመት እዚያ ቤት ኖሬያለሁ፤ ልጆቿን አጥቤ አስተኝቻለሁ። አንድም ቀን ስስቅ አይታኝ ስለማታውቅ ይሆናል ያልለየችኝ። እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ ግን ነገ ትኩር ብላ ብታይስ እያልኩ፣ ሰሌዳው እስኪወርድ ድረስ በዚያ በኩል ያለኝን ሥራ ሁሉ ተውኩ።

ብዙም ሳይቆይ የፎቶ አንሺው ሚስት ለሳሙና ማስታወቂያ እንድቆም ጠየቀችኝ። ፈገግታሽን ወደውታል አለችኝ። እሺ ብያት ወጣሁ፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ግን ወደዚያ ቤት አልተመለስኩም።