ከእትዬ ዕድሜ የጎደለው ስምንት ዓመት

ሐኪሙ የእናቴን ደረት ከፍተን የልባቸውን በር እንቀይራለን ያለ ቀን፣ እኔ የማየው እጁን ነበር። የልጅ እጅ ነው። በእሳቸው ሊማር ነው አልኩ በሆዴ።

እናቴን እትዬ ነው የምላቸው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካመጣኋቸው አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ከፓርኪንጉ እስከ ሊፍቱ ሁለቴ ይቆማሉ፤ ምነው ሲባሉ ጫማዬ ነው ይላሉ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ደረጃው ላይ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ሆስፒታል ሲያዩዋቸው፣ ከልብ ደም የሚወጣበት በር ደንድኖ አልከፈት ብሏል አሉን።

ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቤት አብራኝ የምትሠራ፣ ሎረል የምትባል ጎረቤት ከተማ የምትኖር ያገሬ ሴት አለች። ስነግራት አንሶላ ማጠፏን ተወችው።

"የኔን አማት እኮ ደረታቸውን አልነኩም። በጭናቸው ቀጭን ቱቦ አስገብተው ነው አዲሱን በር የከተቱላቸው። በአራተኛው ቀን ቤት ገብተው ሽሮው ጨው በዛው ብለው ተቆጡኝ።"

"ታዲያ የኔን እናት ለምን ይከፍቷቸዋል?"

"እኔ ምን አውቄ። ኢንሹራንሳቸው ምንድን ነው?"

ይቺ ቃል ውስጤ ገብታ ቀረች። ለደሃ ቢላዋ፣ ለሌላው ቱቦ ነው አልኩ።

የምታስተረጉምልን ኮሌጅ ያለችው ልጄ ናት። ሐኪሙ አሥር ደቂቃ ያወራል፣ እሷ በሁለት ቃል ትጨርሰዋለች። እሷንም ጠረጠርኳት። የኛ ሰው ለበሽተኛ ክፉ ወሬ አይነግርም፤ ያንን ደግሞ ከኔው ነው የተማረችው። ያለውን በሙሉ ንገሪኝ ስላት "ማሚ፣ ነገርኩሽ እኮ" ትላለች።

በሁለተኛው ቀጠሮ በስልክ አስተርጓሚ አመጡልን። "ጤና ይስጥልኝ" ሲል ድምፁን ቤተ ክርስቲያን የማውቀው መሰለኝ። ለምን በጭን አይሆንም ብዬ ጠየቅሁ። ሐኪሙ መለሰ፣ ስልኩ ተረጎመ፦

"በጭን የሚገባው ገና አዲስ ነው። ለጊዜው የምንሠራው ደረታቸው ቢከፈት ለማይችሉት፣ ላረጁና በጣም ለደከሙ ሰዎች ነው። ደረት ከፍቶ መቀየሩ ግን ለብዙ ዓመት የታየ ነው። እናትዎ ሰባ አራት ናቸው፤ ይችሉታል።"

ሰባ አራት የወረቀቱ ነው። እትዬ ሰማንያ ሁለት ናቸው።

ወረቀታቸው ሲጀመር የተወለዱበትን ዓመት ወደ ፈረንጅ አስለውጬ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ በስልክ ነገርኩት። እሱ በኛ አቆጣጠር የነገርኩት መስሎት እንደገና ስምንት ጨመረበትና ፓስፖርት አወጣ። ቪዛውም በዚያው መጣ። እትዬ ስቀው "ስምንት ዓመት ከተመረቀልኝ ምን ከፋኝ" አሉ። እኔ አልሳቅሁም። ግሪን ካርዳቸው በውሸት የመጣ መስሎኝ ለማንም አልተነፈስኩም፤ ልጄም አታውቅም።

አሁን ያ ሰውዬ በስልክ እየሰማ፣ ሐኪሙ ኮምፒውተሩ ላይ እየጻፈ ምን ልበል? ብናገር ካገር ያስወጧቸዋል፣ ዝም ብል ደረታቸውን ይሰነጥቁታል። አመሰግናለሁ ብዬ ተውኩት። ሐኪሙ እትዬን እንዴት ነዎት ሲላቸው "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" አሉ። እሱንም ጻፈው።

ሦስታችንም ወደ ፓርኪንጉ ወጣን። መኪናው ውስጥ ለልጄ ነገርኳት።

"ማሚ፣ ይሄን ደብቀሽ ነው ስለ ኢንሹራንስ የምታወሪው?"

"ለኢሚግሬሽን ቢናገሩስ?"

"ዶክተር እኮ ነው፣ ፖሊስ አይደለም።"

እትዬ ከኋላ ወንበር "የሚከፈተው የኔ ደረት ነው፣ እናንተ ትሟገታላችሁ" አሉ። "ሂዱና ንገሩት። መቆሜም ከጫማዬ አይደለም፤ ትንፋሽ እያጠረኝ ነው።"

ተመልሰን ገባን። ልጄ ለነርሷ ስትነግራት ስልክ ታነሳለች ብዬ እጇን እጠብቃለሁ። አነሳች። የጠራችው ሐኪሙን ነበር።

መጣና እትዬን እንደ አዲስ ጠየቃቸው። ኮሪደሩን አስኬዳቸው፤ በዚህኛው ጊዜ ሳያፍሩ ቆሙ፣ ግድግዳውንም ያዙ። በሰማንያ ሁለት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፣ ከሌሎቹ ሐኪሞች ጋር እንደገና እናየዋለን አለ። ደረታቸው ቢከፈት ማገገሙ ሊያቅታቸው ይችላል፤ በቱቦው ከሆነ ደግሞ የረጋ ደም ወደ ጭንቅላታቸው ሄዶ ስትሮክ ሊያመጣባቸው ይችላል፣ አዲሱ በርም በዳር በዳሩ ሊያፈስ ይችላል። ልጄ አንድ ቃል ሳትተው ተረጎመችው። ምነው ግማሹን በተወችው አልኩ።

በሁለተኛው ሳምንት በጭን ይሁን ብለው ወሰኑ፣ ሠሩላቸውም። ከሆስፒታል በምንወጣበት ቀን እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሻሻቸውን ያስራሉ። ሐኪሙ ሊሰናበታቸው ገባ።

"ደረታቸው ተከፍቶ ቢሆን ይሞቱ ነበር ወይ በይልኝ" አልኳት ልጄን።

"ማሚ፣ እንዲህ አይጠየቅም።"

"ጠይቂው።"

ጠየቀችው። እትዬን አየት አደረጋቸው።

"አላውቅም" አለ። "ምናልባት ይተርፉ ነበር።"

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከነገረን ሁሉ፣ ሳልጠራጠር የተቀበልኩት ይሄንን ብቻ ነው።